የመጀመሪያ የቦውሊንግ ኳስ ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን አስለኩ፦ "ከባዱን፣ ውዱን፣ ኦንላይን" ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ቦውሊንግ የምንጫወት ሀበሾች አንድ ጽሑፍ እየተቀባበልን ነው፣ ጀማሪ የመጀመሪያ ኳሱን እንዴት ይግዛ የሚል በአማርኛ የተጻፈ። ሳየው ደስ ነው ያለኝ፣ በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚገኝ ነገር እምብዛም ስለሆነ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጻፉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አንብቤ ስጨርስ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ምክንያቱም የተባለውን እንዳለ የሚቀበል ጀማሪ ወይ ብዙ ዶላር አውጥቶ የማይሆነውን ኳስ ታቅፎ ይቀራል ወይ ደግሞ አውራ ጣቱ እየቆሰለ፣ ክንዱ እያመመው ጨዋታውን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፣ እኔን የሚያሳዝነኝ በተለይ ይሄ ሁለተኛው ነው። ስንቱ ጎበዝ መሆን የሚችል ሰው "ቦውሊንግ እጄን ያመኛል" ብሎ ቀርቷል።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ የኳሱ ክብደት የሰውነታችሁ አስር ፐርሰንት ይሁን፣ ከተጠራጠራችሁ የምትችሉትን ከባድ ውሰዱ። ፕላስቲክ ኳስ የልጅ ስለሆነ እሱን ዝለሉና ፕሮዎቹ (በሙያ የሚጫወቱት) የሚወረውሩትን ጠንካራ ሪአክቲቭ፣ ማለትም በጣም የሚታጠፈውን ኳስ፣ ግዙ። ቀዳዳ ያው ቀዳዳ ነው፣ ተበስቶ የሚመጣውን ኦንላይን እዘዙ፣ ፕሮ ሾፕ (ኳስ የሚሸጥና በእጃችሁ ልክ የሚበሳ ሱቅ) ገንዘባችሁን ነው የሚበላው። ዘመኑ የሁለት እጅ ስለሆነ ከመጀመሪያው በሁለት እጅ ተማሩ። ኳስ ጥገና ምናምን አይፈልግም፣ መኪና ውስጥ ጥላችሁት ሂዱ። ይሄው ነው።

በሳቸው ቅደም ተከተል አልሄድም፣ ከክብደቱ ልጀምርና ከዛ ዋናው ጉዳይ ላይ ልግባ።

የአስር ፐርሰንቷ ነገር የቆየች ናት፣ እሳቸው የፈጠሯት አይደለችም፣ ብዙ ቦታ ትባላለች። ግን እስቲ ሂሳቡን እንስራው። የቦውሊንግ ኳስ በሕግ ከ16 ፓውንድ መብለጥ አይችልም፣ በኪሎ 7.26 አካባቢ ማለት ነው። 60 ኪሎ የሆነች ሴት በዚህ ስሌት 6 ኪሎ፣ ወደ 13 ፓውንድ ገደማ ይደርሳታል፣ እሺ ይሁን፣ ለአንዳንዷ ይሆናል ለአንዳንዷ በጣም ይከብዳል። 100 ኪሎ የሆነ ሰውስ? 10 ኪሎ፣ ማለትም 22 ፓውንድ፣ እንደዛ የሚባል ኳስ ደግሞ ዓለም ላይ የለም። ኪሎ መጨመር እኮ ትከሻ መጠንከር አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ሲነዳ የዋለ 95 ኪሎ ሰውዬ እና ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያነሳ የዋለ 70 ኪሎ ልጅ ማን የቱን ኳስ እንደሚችል ሚዛን አይነግራችሁም።

"የምትችሉትን ከባድ ውሰዱ" የሚለው ደግሞ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰው የሚያሳስተው። እውነት ነው፣ ከባድ ኳስ ፒን ሲመታ ብዙም አቅጣጫውን አይስትም፣ አንዱ ፒን ብቻውን 1.5 ኪሎ ከምናምን ስለሆነ ቀለል ያለ ኳስ መጀመሪያ ያገኘው ፒን ላይ ገፋ ተደርጎ ይወጣል። ግን "የምትችሉት" የሚለው ቃል የሚለካው መቼ ነው? ሱቅ ውስጥ አንዴ አንስታችሁ ስታዩት ከሆነ ሁሉም ሰው 16 ይችላል። በአንድ ጌም እስከ 21 ጊዜ ልትወረውሩ ትችላላችሁ፣ ሊግ ውስጥ ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ምሽት ሶስት ጌም ነው፣ ከዛ በፊት ማሟሟቂያ አለ። ስለዚህ ማየት ያለባችሁ ሶስተኛው ጌም መጨረሻ ላይ ክንዳችሁ ምን እንደሚሆን ነው። ትከሻው ወደ ኳሱ ጎን መውረድ ይጀምራል፣ አንጓው ይለቃል፣ ሰውየው ኳሱን እንዳይጥለው አጥብቆ ይጨብጣል፣ ሲጨብጥ አውራ ጣቱ በሰዓቱ አይወጣለትም፣ ከዛ ኳሱ ሌኑ (ኳሱ የሚንከባለልበት ጣውላ) ላይ ጓ ብሎ ይወድቃል። ፕሮዎቹ ራሳቸው ስንቶቹ ናቸው 15 የሚወረውሩት፣ 16 ስለማይችሉ አይደለም።

መሞከሪያው ቀላል ነው፣ እንግዲህ ይቺን ያዙ። ይሆነኛል ያላችሁትን ኳስ ያዙና ክንዳችሁን ወደ ታች ልቀቁት፣ ወደፊት ወደኋላ ዝም ብሎ ይወዛወዝ፣ እናንተ አትግፉት። ትከሻችሁ ከተዘነበለ ወይም እንዳይወድቅ ጣታችሁን ማጠንከር ከጀመራችሁ አንድ ፓውንድ ቀንሱ። ሴትም ሁኑ ወንድ፣ 10 ይሁን 12 ይሁን 14 ማንም የሚስቅባችሁ የለም፣ ቢስቅም ስኮሩን አይታችሁ ትመልሱለታላችሁ።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው አንድ ነገር አለ። ቦውሊንግ ቤት ውስጥ በመደርደሪያ ያሉት ኳሶች፣ የቤቱ ኳስ የምንላቸው፣ ቀዳዳቸው ከክብደታቸው ጋር ነው የሚያድገው፣ ቀለል ያሉት ለልጅና ለቀጭን ጣት ተብለው በጠባብ ይበሳሉ፣ ከባዶቹ በሰፊ። እና ወፍራም አውራ ጣት ያለው ሰው 12ቱን ያነሳል፣ ጣቱ አይገባም፣ 13ቱን ያነሳል አይገባም፣ እንዲህ እያለ 15 ወይ 16 ላይ ይደርስና "የኔ ክብደት ይሄ ነው" ብሎ ይደመድማል። ኳሱን የመረጠለት አውራ ጣቱ ነው እኮ፣ ክንዱ መች ተጠየቀ? በተቃራኒው ደግሞ ጣቷ ቀጭን የሆነች ጠንካራ ልጅ 8 ፓውንድ ስትወረውር ትኖራለች፣ ምክንያቱም ከዛ በላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ጣቷ ይዋኛል። የራሳችሁን ኳስ ስታስበሱ ግን የትኛውም ክብደት ላይ የናንተን ጣት ልክ ይበሱላችኋል። እንደውም የቤቱ 13 የከበደው ሰው በእጁ ልክ የተበሳ 14 ሲይዝ ይቀለዋል፣ አጥብቆ መጨበጥ ስለማያስፈልገው።

ይሄ ወደ ዋናው ይወስደኛል። "ቀዳዳ ያው ቀዳዳ ነው"።

አይደለም። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም የምቃወመው ይሄን ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይቺን አትርሱ። ተበስቶ የሚመጣ ኳስ መግዛት የማታውቁትን ሰው የዓይን መነጽር ኦንላይን አዝዞ እንደማድረግ ነው። አንድ ኳስ ሲበሳ የሚለካው ሶስት የጣት ውፍረት ብቻ አይደለም። ከአውራ ጣት ቀዳዳ እስከ ሁለቱ ጣቶች ቀዳዳ ያለው ርቀት፣ ስፓን የሚሉት፣ አለ፣ እሱም ለመሃል ጣትና ለቀለበት ጣት ይለያያል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ የት አዘንብሎ እንደሚበሳ አለ፣ ፒች ይሉታል፣ አውራ ጣታችሁ ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚታጠፍ አይተው ነው የሚወስኑት። የቀዳዳው ጠርዝ ምን ያህል ይለዝብ የሚለውም አለ። ከናንተ ጋር አንድ ቁመትና አንድ ክብደት ያለው ወንድማችሁ እንኳ ስፓኑ ሌላ ነው። ታዲያ ፋብሪካ ውስጥ ለማንም ተብሎ የተበሳ ኳስ ለናንተ እጅ የሚሆነው በምን ዕድል ነው?

ጓደኛዬን ይዤ ፕሮ ሾፕ የሄድኩ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዛ ሱቅ ውስጥ ምን እንደሚሰራ ስለማያውቅ ነው ገንዘብ መብያ የሚመስለው። ሰውየው መጀመሪያ ስለ ኳስ ምንም አላወራም፣ "እጅህን ስጠኝ" አለው። ገለበጠው፣ የአውራ ጣቱን ስር ጫን ጫን አደረገው፣ እዛ ጋ ከቤቱ ኳስ የመጣ ቢጫ ጠንካራ ቆዳ ነበረበት፣ አየውና "ቀዳዳው ሰፊ ነበር፣ ስትጨብጥ ኖረሃል" አለው፣ ጓደኛዬ ገና አፉን ሳይከፍት። ከዛ ዙሪያዋን በተለያየ መጠን የተበሳች መለኪያ ኳስ አመጣ፣ አውራ ጣቱን አንዱ ውስጥ አስገባ፣ አስወጣ፣ ቀጥሎ ያለው ውስጥ አስገባ፣ ቆዳውን ሳይጎትተው ግን እየነካው የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጣቶቹን ኳሱ ላይ ዘረጋለትና የመገጣጠሚያው መስመር የሚያርፍበትን በእርሳስ ምልክት አደረገ። ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀው፣ እጁ ማታ ማታ ያብጥ እንደሆነም ጠየቀው። ሁሉንም ቁጥር ካርድ ላይ ጻፈ። ከበሳው በኋላ ደግሞ አልጨረሰም፣ "ያዘውና አወዛውዘው" አለው፣ ጓደኛዬ "እዚህ ጋ ይዞኛል" ብሎ የአውራ ጣቱን ጎን አሳየው፣ መልሶ ወሰደው፣ ጠርዙን አለዘበው፣ አመጣው፣ እንደገና ወሰደው። በመጨረሻ ጣቱ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ቀዳዳው ውስጥ የሚለጠፍና የሚነሳ ቴፕ ሰጠው፣ እንዴት እንደሚለጥፈው አሳየው። ያ ካርድ ደግሞ የጓደኛዬ ነው፣ ነገ ሌላ ከተማ ቢሄድ ካርዱን አሳይቶ መነሻ አለው።

ይሄ ሁሉ ኢንሰርት የሚባሉትን የጣት ጎማዎች ጨምሮ እንደ ቦታው ከ60 እስከ 100 ዶላር ነው። ጸሐፊው "70 ዶላራችሁን አትርፉ" ይላሉ፣ ግን ልክ ያልሆነን ኳስ ለማስተካከል ቀዳዳውን በሬዚን ደፍነው፣ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ እንደ አዲስ መብሳት አለባቸው፣ ያ ደግሞ መጀመሪያ ከማስበሳት ይበልጣል። ስፓኑ ከረዘመ አውራ ጣታችሁ ውስጥ ይያዛል፣ ጅማታችሁም ይወጠራል። ካጠረ ደግሞ ጣታችሁን አጥፋችሁ ካልጨበጣችሁ ኳሱ አይያዝም። የሁለቱም መጨረሻ ሕመም ነው።

ፕሮ ሾፕ ስትገቡ አንድ ጥያቄ ይጠይቋችኋል፣ ኮንቬንሽናል ነው ፊንገርቲፕ? ተዘጋጅታችሁ ሂዱ። ኮንቬንሽናል ማለት ሁለቱ ጣቶች እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ ድረስ የሚገቡበት ነው፣ የቤቱ ኳሶች እንደዛ ናቸው፣ ይዞታው አስተማማኝ ነው። ፊንገርቲፕ ላይ የሚገባው እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ ብቻ ነው፣ አውራ ጣት ቀድሞ ይወጣና ጣቶቹ ኳሱን ያሽከረክሩታል፣ ሁክ፣ ማለትም ኳሱ መጨረሻ ላይ መታጠፉ፣ የሚመጣው ከዛ ነው። አልፎ አልፎ ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ኮንቬንሽናል ይበቃዋል። በየሳምንቱ እጫወታለሁ፣ ሊግ እገባለሁ የሚል አዋቂ ግን የኔ ሀሳብ ከመጀመሪያው ፊንገርቲፕ ያስበሳ ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ ይጨንቃል፣ ከዛ ይለመዳል፣ በኋላ ደፍኖ ማስበሳት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ኦንላይን መግዛት በራሱ ኃጢአት አይደለም፣ ያልተበሳ ኳስ በቅናሽ አግኝታችሁ ለማስበሳት ይዛችሁ ብትሄዱ ይሆናል። ያገለገለም ኳስ ይሆናል። ግን ያገለገለውን ስታዩ ሁለቱ የጣት ቀዳዳዎች መሃል ያለችውን ቀጭን ቦታ በደንብ እዩ፣ ስንጥቅ መጀመሪያ የሚወጣው እዛ አካባቢ ነው። ከሶስቱ ሌላ አንድ ትርፍ ቀዳዳ ካለበት ደግሞ እወቁ፣ የአሜሪካው የቦውሊንግ ኮንግረስ፣ ዩኤስቢሲ፣ ከነሐሴ ወር 2020 በፈረንጅ ጀምሮ ማመጣጠኛ ቀዳዳ ከልክሏል፣ በይፋዊ ሊግ ለመጫወት ማስደፈን አለባችሁ።

አሁን ወደ ኳሱ ዓይነት። "ፕላስቲክ የልጅ ነው፣ ፕሮ የሚወረውረውን ግዙ።"

እዚህ ላይ ከሳቸው ጋር ግማሽ መንገድ እስማማለሁ፣ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሌኑን እንየው። ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን 60 ጫማ ነው፣ በወርዱ 39 ጣውላ። በዓይን ባይታይም ላዩ ላይ በማሽን የተቀባ ስስ ዘይት አለ፣ ብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹን 40 ጫማ ያህል ይሸፍናል፣ መጨረሻው ደረቅ ነው፣ በተለመደው የቤት አቀባብ ደግሞ መሃሉ ላይ ወፈር ዳር ዳሩ ላይ ሳሳ ይላል። ፕላስቲክ፣ በትክክለኛ ስሙ ፖሊስተር፣ ዘይቱም ላይ ደረቁም ላይ ብዙ ሳይዝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሪአክቲቭ የሚባለው ሽፋኑ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፣ ዘይት ይጠጣል፣ ደረቁ ጋ ሲደርስ ሌኑን ይነክስና ይታጠፋል። ዩረቴን መሃላቸው ነው። ታሪኩም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፣ ከላስቲክ ወደ ፖሊስተር፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዩረቴን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሪአክቲቭ (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ፕላስቲክ ሌኑን አልነክስ ስላላቸው እኮ ነው ዶን ማኪዩን የተባለው ተጫዋች ኳሱን ኬሚካል ውስጥ እየዘፈዘፈ አለስልሶ የ1973 የፕሮዎቹ የዓመቱ ምርጥ የሆነው፣ ከዛ በኋላ ነው የኳስ ጥንካሬ በመለኪያ የሚለካ ሕግ የመጣው።

ታዲያ ሪአክቲቭ ይሄን ያህል ጥሩ ከሆነ ጀማሪው ለምን አይገዛም? ጸሐፊው የሚመክሩት ውስጡ ያለው ኮር ወጣ ገባ የሆነ፣ ላዩ ያልተወለወለ፣ በጣም ጠንካራውን ዓይነት ነው፣ ከ200 ዶላር በላይ የሚሸጠውን። ያ ኳስ የተሰራው ዘይት ለበዛበት ሌን፣ በፍጥነት ለሚወረውርና ብዙ ለሚያሽከረክር እጅ ነው። ጀማሪ ቀስ ብሎ ነው የሚወረውረው። ኳሱ ቀድሞ መታጠፍ ይጀምራል፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ወይ ከመጀመሪያው ፒን በግራ አልፎ ይሄዳል ወይ ደርሶ ልፍስፍስ ብሎ ይመታል (ለቀኝ እጅ ነው የማወራው፣ ግራ እጆች ገልብጡት)። አንጓችሁ ትንሽ ስትዞር ደግሞ እሱ ብዙ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ያጠፋችሁት የቱ ጋ እንደሆነ ማወቅ ያቅታችኋል፣ አንዴ ስትራይክ (ሁሉም ፒን በአንድ ውርወራ መውደቁ) ይመጣል፣ ቀጥሎ ጋተር (ከሌኑ ዳር ያለው ቦይ) ይገባል፣ ሁለቱንም ለምን እንደሆነ አታውቁም። እንዲህ ሆኖ መማር ይቻላል?

ጄሰን ቤልሞንቴን ነው ምሳሌ ያደረጉት፣ "እሱ የሚወረውረውን ግዙ" ብለው። ቤልሞንቴ እኮ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ብዙ ሜጀር ዋንጫ ያለው ሰው ነው፣ አወራወሩ የሱ ብቻ ነው፣ ውድድር ሲሄድ ደግሞ አንድ ኳስ ይዞ አይሄድም፣ ብዙ ኳስ ደርድሮ ዘይቱ ሲቀያየር እሱም ይቀያይራል። ከነዛ መሃል አንዱን መዝዛችሁ ብትገዙ የገዛችሁት ለአንድ ዓይነት ሌን የሚሆን አንድ መሣሪያ ነው።

ፕላስቲክን ዕቃ አይደለም ማለታቸው ደግሞ ከሁሉ የሚገርመኝ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ፕሮዎች ቦርሳቸው ውስጥ ፕላስቲክ አለ፣ ለስፔር፣ ማለትም በመጀመሪያው ውርወራ የቀረውን ፒን በሁለተኛው ለመጣል። እስቲ ይቺን ቁጥር እዩልኝ። በየፍሬሙ (ጌሙ በሚከፈልባቸው አስር ዙሮች በእያንዳንዱ) በመጀመሪያው ውርወራ 9 ፒን ጥላችሁ የቀረችውን አንዷን ሁልጊዜ ብትስቱ ጌሙ 90 ነው። ያንኑ 9 ጥላችሁ የቀረችውን ሁልጊዜ ብታነሱ 190 ነው። አንድም ስትራይክ ሳይመታ መቶ ነጥብ! ለቀኝ እጅ ተጫዋች የምታስቸግረው ደግሞ ቀኝ ጥግ ላይ ያለችው 10 ቁጥሯ ናት፣ በሚታጠፍ ኳስ ስትሄዱባት ወይ ወደ ግራ ያመልጣችኋል ወይ ዳሩን ልጠቀም ስትሉ ጋተር ትገባላችሁ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ፕላስቲክ ይዞ ከግራ በኩል በሰያፍ መላክ ነው መፍትሄው። ልጅም አዋቂም ፕሮም እንደዛ ነው የሚያደርገው።

የምስማማበት እዚህ ጋ ነው፦ በየሳምንቱ የሚጫወት፣ አሰልጣኝ ወይ ጎበዝ ጓደኛ ያለው፣ ሁክ መማር የሚፈልግ ሰው ፕላስቲክ ብቻ ይዞ ብዙ ቢቆይ ይቸገራል፣ እጁ ትክክል ሰርቶ ኳሱ ግን መልስ ስለማይሰጠው። ለዚህ ሰው ጠንካራውን አይደለም፣ ለጀማሪ ተብሎ የሚሰራውን ለስላሳ ሪአክቲቭ ነው የምመክረው፣ ኮሩ የተመጣጠነ፣ ላዩ የተወለወለ፣ እንደ ስቶርም ትሮፒካል ሰርጅ ያለውን፣ ዋጋውም ከጠንካራዎቹ በብዙ ይቀንሳል። ገና ኳሱን ቀጥ አድርጎ መላክ የሚታገል ሰው ግን ፕላስቲክ ይግዛ፣ ብሩንስዊክ ቲ-ዞን ወይ ኮሎምቢያ ዋይት ዶት፣ ከ100 ዶላር በታች ሊያገኝ ይችላል፣ በኋላ ሪአክቲቭ ሲገዛም አይጥለውም፣ የስፔር ኳሱ ይሆናል። ማለትም ፕላስቲክ የገዛ ሰው በምንም መንገድ አይከስርም። የተረፈውን ብር ደግሞ እዛው ለማስበሻው፣ ከዛ ለጫማ። ጫማ ላይ እንኳን ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ የኪራዩን ጫማ ቶሎ ተገላገሉት ያሉት በጣም ትክክል ነው።

የሁለት እጁን ነገር ብዙ አላቆይበትም። አወራወሩ ሕጋዊ ነው፣ ያሸንፋል፣ ቤልሞንቴም የፊንላንዱ ኦስኩ ፓሌርማም አሳይተዋል። ግን ያሸንፋል ማለት ለሁሉ ወገብና ጉልበት ይሆናል ማለት አይደለም፣ ጎንበስ ብሎ መግባትን ይጠይቃል፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ይጠንቀቅ። ዋናው ነገር ከማስበሳታችሁ በፊት ወስኑ፣ ምክንያቱም በሁለት እጅ የሚወረውሩት አብዛኞቹ አውራ ጣት አያስገቡም፣ በዩኤስቢሲ ሕግ ደግሞ ኳስ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ ለመያዣ የሚውል መሆን አለበት፣ አውራ ጣት አስበስታችሁ ሳታስገቡበት ብትወረውሩ በይፋዊ ጨዋታ ችግር ነው።

"ኳስ ጥገና አይፈልግም" ያሉት ለፕላስቲክ ከሆነ እሺ። ግን ሪአክቲቭ ግዙ ብለው ጥገና አይፈልግም ማለት አብሮ አይሄድም። ሪአክቲቭ ዘይት ይጠጣል አልኩ አይደል፣ የጠጣው ካልወጣ ቀስ በቀስ መንከሱን ያቆማል፣ ሰውየው "ኳሴ ሞተ" ብሎ ሌላ ሊገዛ ይሄዳል። ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይኑራችሁ፣ በየውርወራው ጠረግ፣ ጨርሳችሁ ስትወጡ ደግሞ ዘይቱ ሳይሰርግ በኳስ ማጽጃ እጠቡት። በውድድር መሃል ፈሳሽ መጠቀም ግን ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ደረቅ ጨርቅ ብቻ። መኪና ትራንክ ውስጥ ጥላችሁት ሂዱ የሚለውን ደግሞ በፍጹም አትስሙ። እዚህ የሐምሌን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ የጥርን ብርድም ታውቁታላችሁ፣ ሽፋኑና ውስጡ እኩል ስለማይለጠጡ ኳስ ቁጭ ባለበት ይሰነጠቃል፣ 200 ዶላር ማለት ነው። ቤት አስገቡት፣ አልጋ ስርም ይሁን።

ሜሪላንድ ያላችሁ አንድ ነገር፣ በናንተ በኩል በተለይ ባልቲሞር አካባቢ ደክፒን የሚባለው ይዘወተራል፣ እዛ ኳሷ በእጅ መዳፍ የምትያዝ ትንሽ ናት፣ ቀዳዳም የላትም፣ ኳሳችሁን ተሸክማችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የቱ እንደሆነ ጠይቁ።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ስለ ልጆች በአንድ መስመር "ሲያድግ ስለሚሆነው ከበድ ያለውን ግዙለት" ብለዋል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። የልጅ ልብስ ሰፋ ተደርጎ ይገዛል፣ ኳስ ግን አይገዛም፣ የሚያድግ አንጓና ክርን ነው እየተጎዳ ያለው። ኳስ ከ6 ፓውንድ ጀምሮ አለ፣ ትንሽ ልጅ በ6 ወይ በ8 ይጀምር፣ ፕላስቲክ ይሁን፣ ኮንቬንሽናል ይበሳለት፣ ጣቱ ሲያድግ ያንኑ ኳስ ደፍኖ በአዲስ ልክ ማስበሳት ይቻላል። ፕሮ ሾፕ ስትሄዱም ለሰርፕራይዝ ብላችሁ ልጁን ቤት ትታችሁ አትሂዱ፣ የሚለካው የሱ እጅ ነው።